የጁምዓ ማስታወሻ፦ ገና ያልተወለደው ልጅ ሐቅ

 

የዛሬውን ማስታወሻ በአንድ ልጅ እጀምራለሁ። ስሙን አልጽፍም። ደባርቅ ውስጥ በክረምት እረፍት ልጆች ቁርኣን ሲቀሩ ኡስታዙን አግዝ ነበር፤ እሱም ከኔ ቡድን ነበር። ቅዳሜ ሱረቱል ፊልን ከአፌ ተቀብሎ ያለ ስህተት ይወጣታል። ሰኞ ሲመጣ መጀመሪያዋን አንቀጽ በሕይወቱ ሰምቶ የማያውቅ ይመስላል። «ጫማህን አውልቅ፣ ውዱእ አድርግ፣ ቁርኣንህን ይዘህ ና» ስለው ጫማውን ያወልቅና እዚያው ቆሞ ይቀራል። የቀረው ከጆሮው ፈሷል። ስቀጣው ያለቅሳል፣ ከልቡ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይደግመዋል። እኔም በልጆቹ ፊት «ልበ ቢስ» አልኩት። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ነው ያልኩት።

አንድ ቀን እናቱ ከእናቴ ጋር ቡና ሲጠጡ የሆዷን አወጣች። ከገጠር እንደመጣች ከተማ ውስጥ አረቄ ቤት ተቀጥራ ነበር። ደንበኛ ሲጋብዝ እምቢ ማለት ለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ቀዝቃዛ አገርም ነው። ማርገዟን ያወቀችው በአራተኛ ወሯ ነበር። «ያን ጊዜ የጠጣሁት ይሆን?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ አቀርቅራ ዝም አለች። ልጁን ማንም ሐኪም መርምሮ ለችግሩ ስም አልሰጠውም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ማታ ነው።

መቼም «እኛ ሙስሊም ነን፣ አንጠጣም፣ ይሄ ምን ይመለከተናል?» የሚል አይጠፋም። በመጀመሪያ ሁላችንም አንጠጣም ማለት እውነት አይደለም። ከጓደኛ ጋር ተደብቆ ቢራ የሚጠጣ ወንድም፣ ሰርግ ላይ «ትንሽ ብቻ» ያለች እህት መኖራቸውን እናንተም እኔም እናውቃለን። የተራራችን የዳሸን ስም እንኳ ዛሬ ሲጠራ ለብዙ ወጣት የሚታየው ተራራው ሳይሆን ጠርሙሱ ነው። ሁለተኛ፣ ከደባርቅ እስከ ዳባት የምንኖረው ጠላ ከሚጠምቁ ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ አጥር ነው፤ ልጆቻቸው የልጆቻችን ጓደኞች ናቸው፣ የጎረቤት ሐቅም አለብን። ሦስተኛው ምክንያት በልጁ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፦ ጠጥቼ አላውቅም፣ በምላሴ ግን ልጁን ጎድቻለሁ።

አሁን ወደ ማህፀኑ እንግባ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙእሚኑን የሰውን አፈጣጠር ደረጃ በደረጃ ይነግረናል፤ በሱረቱ ዙመር ደግሞ በሦስት ጨለማዎች ውስጥ እንደምንፈጠር ያስታውሰናል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚሠራው አንጎል እንደ ቤት ነው ብንል፣ ግድግዳው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መብራት ሊበራበት የሚችለው መስመሩ በትክክል ሲዘረጋ ነው። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መስመር ማለቴ ነው። ማስታወስ፣ ቁጣን መዋጥ፣ ሦስት ትእዛዝ በተራ መፈጸም፣ ሁሉም የሚሠራው በዚህ መስመር ነው።

ሕዋሳቱ ታዲያ የሚወለዱት በሚኖሩበት ቦታ አይደለም። ከአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል ተወልደው ወደ ውጭኛው ሽፋን ይጓዛሉ። ከደባርቅ ተነስታችሁ በእግር ወደ ሳንቃ በር ወጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጉም ድንገት ከታች ይነሳና ከፊት ያለውን ሰው ይውጠዋል። ያኔ የሚያዋጣው የበቅሎዋን ጭራ እያዩ መሄድ ነው። ከግጭ ወርዳችሁ ደባርቅ የሰፈራችሁ ወንድሞቼ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለሕዋሳቱም አላህ እንዲህ ያለ መሪ አድርጎላቸዋል፦ ከውስጥ እስከ ውጭ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ሕዋሷ ክሩን ይዛ ትወጣለች። የሚገርመው፣ በኋላ የተነሱት ቀድመው የደረሱትን አልፈው ከነሱ በላይ ይሰፍራሉ። ሱብሓነላህ! ሁሉም በሰዓቱ፣ በቦታው።

አልኮል የሚያደርገውን በሦስት ቦታ ልያዘው።

መጀመሪያ መንገዱ ላይ ነው። መሪ ክሮቹ ያለጊዜያቸው ይለወጣሉ፤ የተሳፈረችባቸው ሕዋስ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ወይም ማለፍ ከሚገባት ቦታ አልፋ ትሄዳለች። ያለ ቦታዋ የሰፈረች ሕዋስ ደግሞ ከማን ጋር ትገናኝ?

ሁለተኛው እኔን እስካሁን የሚያስጨንቀኝ ነው። በአንጎል ውስጥ ሁለት ዓይነት መልእክት አለ፤ አንዱ ሕዋስን ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ያረጋጋል። አዋቂ ሰው ሲጠጣ ምላሱ የሚንተባተበው፣ እንቅልፍ የሚጥለው አልኮል ቀስቃሹን አፍኖ አረጋጊውን ስለሚያበረታ ነው። አዋቂው ያድርና ይነቃል። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ግን ሌላ ሕግ አለው፦ ከጎረቤቷ ጥሪ ያልደረሳት ጨቅላ ሕዋስ «አላስፈለግሁም» ብላ ራሷን በራሷ ታፈርሳለች። ይህ በጤናማ እድገትም ትርፍ ሕዋሳት የሚቀነሱበት መንገድ ነው። አልኮል ሲገባ ግን ዝምታው የውሸት ዝምታ ነው፤ የምትፈለገዋም ሕዋስ አልተፈለግሁም ብላ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህንን በአይጥ ግልገሎች ላይ በግልጽ አሳይቷል። የነዚያ ግልገሎች አንጎል የደረሰበት የእድገት ደረጃ በሰው ከእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ጋር የሚመሳሰል ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይልም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ሦስተኛው ድልድዩ ላይ ነው። የአንጎልን ቀኝና ግራ የሚያገናኝ ወፍራም የነርቭ ድልድይ አለ። ክፉኛ በተጎዱ ልጆች ላይ ቀጥኖ፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ሳይሠራ ተገኝቷል። አዲስ ነገር የሚያዝበት ክፍል፣ ሚዛንን የሚጠብቀው የኋላ አንጎል፣ ከግንባር ጀርባ ያለው «ቆይ፣ አስብ» የሚለው ክፍልም ከተጎጂዎቹ ናቸው። ይህን ሳነብ ያ ልጅ ጫማውን አውልቆ ቆሞ ታየኝ።

ልጁ ራሱን መከላከል አይችልም ወይ? አይችልም። አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል ያለ ከልካይ ያልፋል፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥም በልጁ ደም ያለው ከእናቱ ጋር ይቀራረባል። የእናት ጉበት ያጠፋዋል፤ የልጁ ጉበት ግን ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም። ከሰውነቱ ያስወጣው ደግሞ ወደ ሽርት ውኃው ይገባል፤ ያንኑ ውኃ መልሶ ይውጠዋል። እናቱ ስካሯ ለቋት ቤቷን እየጠረገች እሱ ገና እዚያው ውስጥ ነው።

የጊዜው ነገር ደግሞ አስደንጋጭ ነው። የአንጎልና የጀርባ አጥንት ነርቭ መሠረት የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በአራት ሳምንት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ እናትየዋ የወር አበባዋ ከዘገየ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ ብዙዋ «ብርድ መትቶኝ ይሆናል» የምትልበት ጊዜ። በሰፊው የሚታወቁት የፊት ምልክቶች፣ ማለትም የጠበበ የዓይን ክፍተት፣ ከአፍንጫ በታች ያለው ሰርጥ መጥፋት፣ የቀጠነ የላይ ከንፈር፣ የሚመጡት አልኮሉ ፊት በሚቀረጽበት በዚያ አጭር ወቅት ሲደርስ ነው። ከተጎዱት ልጆች አብዛኞቹ ፊታቸው ምንም አይልም። ለዚህ ነው ማንም የማያውቅላቸው፤ ቆንጆ ልጅ፣ የሚስቅ ልጅ፣ ሁሌም የሚቀጣ ልጅ።

እዚህ ጋ ስለ ኸምር የተማርነውን አንድ ነገር አምጡት። ብዙው የሚያሰክር ነገር ትንሹም ሐራም መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ወጣት ሆነን «ትንሿ እንኳ ለምን? ሰው እስካልሰከረ ድረስ ማንን ትጎዳለች?» ብለን ያልጠየቅን ጥቂት ነን። ሐራምነቱ ሐኪም እስኪያረጋግጥልን የሚጠብቅ አይደለም። ግን ትንሿ ማንን ትጎዳለች ላለ ሰው፣ ማህፀን ውስጥ ያለው አንዱ መልስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርጉዝ ሴት የሚመክረው ምንም አለመጠጣትን ነው፤ «እስከዚህ ድረስ አይጎዳም» ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም። መጠጡ ምን እንደሆነም ለውጥ አያመጣም። ትልቁ የጠላ ጣሳ ቀላል፣ ትንሿ የአረቄ መለኪያ ከባድ ትመስላለች፤ ዳግም አረቄ ከመቶ 40 እጅ በላይ አልኮል ሊሆን ስለሚችል ነው። ግን ጣሳው በብዛቱ ያንኑ ያህል ሊያስገባ ይችላል፣ የሚያልፈውም አንድ ዓይነት ነገር ነው።

«እኔ ሰባት ልጅ ስወልድ ጠላ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፣ ሁሉም ደህና ናቸው» የሚሉ እናቶችን ሰምታችኋል። አይዋሹም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ስሌት፣ በእርግዝና ወቅት ከጠጡ 13 ሴቶች አንዷ በዚህ ምክንያት የተጎዳ ልጅ እንደምትወልድ ይገምታል። እንግዲህ አስቡት፦ 12ቱ እናቶች ቡና ላይ ተቀምጠው «ምንም አላለኝም» ብለው ይመሰክራሉ። አንዷ ዝም ትላለች፤ የልጇን ነገርም «ተፈጥሮው ነው» ትላለች። ምስክርነቱ 12 ለዜሮ ይሆናል። የእናት አመጋገብ፣ የጠጣችው ብዛትና ጊዜው፣ የዘር ውርስም ለውጥ ያመጣሉ፤ መንትያ ሆነው ከአንድ ማህፀን ወጥተው እንኳ እኩል ያልተጎዱ ልጆች አሉ። ማን እንደሚተርፍ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሕር ዳር ከተማ ላይ በተደረገ ጥናት ከሦስት እርጉዝ ሴቶች አንዷ ገደማ እንደምትጠጣ ተገኝቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በቅርብ ዓመታት ጎንደር ከተማ ላይ ይህንኑ አጥንተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ጠላ በብዙ ቤት እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። አረቄ ብርድ ያባርራል ይባላል። በዚያ ላይ የእርጉዝ አምሮት አለ፤ እርጉዝ ያማራትን ከተከለከለች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ተብሎ፣ ጎረቤቷ በፍቅር፣ በጥሩ ኒያ፣ ጣሳውን ይዛ ትመጣለች። ክፋት የለበትም። ያ ነው የሚያሳዝነው።

ስለዚህ በእናቶች ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት የሐኪሞቹንም ታሪክ እንወቅ። ናንት በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ፖል ሌምዋን የተባለ ሐኪም በ127 ልጆች ላይ ያየውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ብዙም የሰማው አልነበረም። የሲያትሎቹ ጆንስና ስሚዝ ለችግሩ ስም ሰጥተው ዓለም ያወቀው በ1973 ነው። በእነዚያው ዓመታት ያለጊዜው የመጣ ምጥ ለማስቆም አልኮል በደም ሥር የሚሰጡ ሆስፒታሎች ነበሩ! ነጭ ጋዋን የለበሰው ያላወቀውን አረቄ ቤት የተቀጠረች የገጠር ልጅ እንዴት ታውቀው? በደቡብ አፍሪካ ምዕራብ ኬፕ የወይን እርሻዎች ደግሞ ለዘመናት የሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ በወይን ጠጅ ይከፈል ነበር። ልማዱ ከቀረ በኋላም በዚያ አካባቢ የተጎዱ ልጆች ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። እነዚያ እናቶች መርጠው ነው ልንል እንችላለን?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ስለ ኸምር ሲናገር ጥቅም አለው ከሚሉት ጋር ጨርሶ አልተከራከረም፤ ጥቅምም እንዳለበት ነገረን፣ ወንጀሉ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ገለጸልን። አረቄ የምትሸጠዋ ሴት ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው። ይህን ሳንክድ ነው መነጋገር ያለብን። ክልከላውም በአንድ ቀን አልወረደም፤ ደረጃ በደረጃ መጥቶ በሱረቱል ማኢዳ ተጠናቀቀ፣ ያን ቀን የመዲና መንገዶች በተደፋ መጠጥ ረጠቡ። ሐራምነቱ ዛሬ አንዴ ተጠናቋል፤ ሰውን የምንመክርበት መንገድ ግን አሁንም ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ የሕክምና ነገር እዚህ ላይ አስታውሱ፦ በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ እርጉዝ በድንገት ብቻዋን ስታቆም ሰውነቷ ሊታወክ ይችላል። እሷን ጤና ጣቢያ ወስዶ በሐኪም እየታየች እንድታቆም ማድረግ ይገባል። አልፎ አልፎ የምትጠጣዋ ግን ዛሬውኑ ታቁም። «ካለፈ በኋላ ምን ዋጋ አለው» የምትል እህት ካለች፣ ዋጋ አለው። አንጎሉ እስከ ምጥ ቀን ድረስ እየተሠራ ነው፤ በአምስተኛ ወር ያቆመች የቀሩትን አራት ወራት አትርፋለታለች።

ሸሪዓችን ላልተወለደ ልጅ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ውርስ ሲከፋፈል ማህፀን ያለው ልጅ ድርሻው ይጠበቅለታል። የረመዳን ጾም ከእስልምና ማዕዘናት አንዱ ነው፤ ሆኖም እናት ለልጇ ከሰጋች እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ለአላህ ብላ የምትተወው ምግብና ውኃ እንኳ ለልጁ ሲባል ከተፈቀደላት፣ ሐራም ሆኖ የሚጎዳው ነገርማ እንዴት ይሆን?

ወንድሞቼ፣ ይህን የሴቶች ጉዳይ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። የሚቀዳው እጅ ብዙ ጊዜ የወንድ ነው። ባል በሚጠጣበት ቤት ሚስት ብቻዋን መተው ይከብዳታል። የሕጉንም እወቁ፦ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ሕጉ ግን በድግስ ቀን እርጉዟ ጎረቤታችን ጋ ጣሳ ሲመጣ አብሮን አይቀመጥም። እኛ ነን የምንቀመጠው። እዚያ ላይ ስለ ሐራም ስብከት መጀመር ክርስቲያን ጎረቤታችንን ማስቀየም ብቻ ይሆናል። «እትዬ፣ ለልጁ አንጎል አይሆንም ብለዋል ሐኪሞች፣ አጃ ላምጣልዎት» ማለት ግን ይቻላል። አጃ፣ አብሽ፣ ዕለቱን የተበረዘ ብርዝ አለ። (ብርዝ ሰነባብቶ ከፈላ ብርዝነቱ እንደሚቀር አትርሱ፤ ይህ ለኛም ቤት ነው።)

መድረሳ ውስጥ የምታግዙ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ልጁ ሐፍዞ ሲረሳ ንቀት አይምሰላችሁ። ቅጣት የማያስተምረው ልጅ አለ፤ የትናንቱን ቅጣት ከዛሬው ጥፋት ጋር የሚያገናኘው መስመር ስላልተዘረጋለት ነው። ሕጉን አሳምሮ ይነግራችኋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ግን አይመጣለትም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያውን ሲጨርስ ሁለተኛው። ቦታውና ሰዓቱ አይቀያየርበትም። ጫጫታ በሌለበት ጥግ ይቀመጣል። ያው አንቀጽ ሲሰለቻችሁም ይደገምለታል። ምክንያቱ መጠጥ ሆነ፣ የወሊድ ችግር ሆነ፣ ሌላ ሆነ፣ ይህ አያያዝ አይጎዳውም። እናቱን «ጠጥተሽ ነበር?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ግን ክልክል ነው። የሰው ነውር መሸፈን ዲናችን ነው።

እኔ ያን ልጅ አውፍ በለኝ አልኩት። ምን እንዳጠፋሁ አልገባውም፤ «እሺ» ብሎ ሳቀ። እናቱንም «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ እኔ ነበርኩ አስተማሪነት ያቃተኝ» አልኳት። በመስኮቱ አጠገብ አንድ ቦታ ሰጠሁት፣ ሁሌም እዚያው። መጀመሪያ ጫማ። ከዚያ ውዱእ። ከዚያ ቁርኣን። ለሁለት ሳምንት ከሱረቱል ፊል መጀመሪያ አንቀጽ አላለፍንም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ሳልጠይቀው እሱ ራሱ ጀመራት። ማክሰኞ ረሳት። ረቡዕ አብረን ከመጀመሪያው ጀመርን።